የዓሣ ዘይትና የበቅሎዬ ጉልበት

ጉልበት ካልታመመ ስሙን የሚያነሣው የለም። የታመመ ዕለት ግን አገሩ በሙሉ ሐኪም ይሆናል። ካላመናችሁኝ መንገድ ላይ ቆም ብላችሁ ጉልበታችሁን ያዝ አድርጉ። አንዱ ፌጦ ተቀቡ ይላችኋል፣ ሌላው ፍል ውሃ ውረዱ፣ ሦስተኛው ዋግምት የሚያውቁ አክስቱን ሊጠራ ይሮጣል። እኔም በቢቸና ፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽ ሆኜ አውራጃውን በእግሬ ስዞር ኖሬ፣ በስተርጅና ጉልበቴ ሲከዳኝ የምክር ሀብታም ሆኜ ነበር።

ጭንቀቴ የበረታው ሞጣ የተዳረችው ልጄ የመጀመሪያ ልጇን፣ ሴት ልጅ፣ ስትወልድ ነው። ክርስትናው የሚውለው ከፋሲካ በኋላ ነው። ከተዳረች ወዲህ ቤቷን አልረገጥሁም፤ ይህንንም ከቀረሁ ራሴን ይቅር የምል አይመስለኝም ነበር። ሞጣ ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ ነው። መኪና በዚያን ጊዜ ብርቅ ነው። ዳማ የምላት በቅሎዬም ከእኔ ብሳ ታነክሳለች።

አማቼ የሞጣ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው። ችግሬን ሰምቶ በነጋዴ እጅ አንድ ትልቅ ጠርሙስ የዓሣ ዘይት እንክብል ላከልኝ፤ «በየቀኑ ሁለት ሁለት ይዋጡ» የሚል ወረቀት ጭምር። የደረሰኝ ግን ዐቢይ ጾም በገባ ማግሥት ነው። የነፍስ አባቴ ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ።

«ዓሣ ነው፤ እስከ ፋሲካ ይቆይ» አሉኝ። «እስከዚያው እያመመህ ስገድ፤ ይበልጥ ይቆጠርልሃል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። የማላውቀውን ነገር ከመዋጥ ያዳነኝ ሁሉ ወዳጄ ነው። ግን ክርስትናውስ? ከፋሲካ በኋላ ጀምሬ መቼ ሊደርስልኝ? የማይረባ ከሆነም በጊዜ ልወቀውና ሌላ መላ ልፈልግ። ማን ይሞክርልኝ? ባለቤቴ አልጋነሽ ጾመኛ ናት፣ ጎረቤቱም ጾመኛ ነው። በግቢያችን ጉልበቷን እየታመመች የማትጾም አንዲት ብቻ ነበረች።

«በቅሎ ዓሣ ስትበላ አይቼ አላውቅም» አለች አልጋነሽ።

«እኔስ የት አየሁ?» አልኋት።

በየማለዳው ሁለት ሁለት እንክብል በገብስና በጨው አባብዬ አበላኋት። ጾሙ ሲጋመስ ማነከሷ ቀነሰ። በሆሳዕና ግቢውን ትዞር ጀመር። ስቅለት ዕለት እኔ ከስግደት በሰው ትከሻ ተደግፌ ስመለስ፣ እሷ አጥር ዘልላ ጎረቤት ጓሮ ገብታ አገኘኋት። መድኃኒቱ ፍቱን ለመሆኑ ጥርጥር አልቀረኝም። ጠርሙሱ ውስጥም የቀረ ነገር አልነበረም።

ደግነቱ፣ የዳነች በቅሎ ያለችው ሰው ምን ጉልበት ያስፈልገዋል? ጫንኋትና ከፍርድ ቤቱ የአንድ ወር ፈቃድ ወስጄ ሞጣ ገባሁ። የልጅ ልጄን ከጥምቀት ስትወጣ ስታቀፋት እንባዬ መጣ፤ አላፈርሁበትም።

አማቼ ያን ሁሉ መንገድ መምጣቴን አይቶ መድኃኒቱ ያዳነኝ መስሎት ኮርቶ ነበር። ደብቄው መኖር አልቻልሁምና ማን እንደበላው ነገርሁት። ስቆ ሲያበቃ፣

«አባባ፣ በጾሙ ማን ጋለባት?» አለኝ።

«ማንም።»

«እንግዲያው ያዳናት ዕረፍት ይሆናላ። ፈቃድዎ እስኪያልቅ እዚሁ ይረፉ። ለማንኛውም ይቺንም ይሞክሯት» ብሎ ሌላ ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ አኖረልኝ።

ጊዜው ፍስክ ነው፤ ከልካይ የለኝም። ወሩን ሙሉ ልዋጥ አልዋጥ ስል ከረምሁ። እንዳልወስን ያደረገኝ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ። ጠርሙሱን ለማውረድ መነሣት ነበረብኝ፤ የልጅ ልጄ ደግሞ ሁልጊዜ ጉልበቴ ላይ ተኝታ ነበር።