የጋሽ ደምሴ «ቀስ»

በየመጋዘኑ አንድ የማይሸከም ሰው አይጠፋም፤ አልገጠማችሁም? ቃሊቲ ሲሚንቶ በምናወርድበት መጋዘን እሳቸው ጋሽ ደምሴ ናቸው። ወገባቸውን እዚሁ ሥራ ላይ ከተጎዱ ወዲህ ጥግ ይዘው «ቀስ!» ሲሉ ይውላሉ፤ ማታ የቀኑን ገቢ ከእኛ እኩል ይካፈላሉ። እሳቸውን ማማት ሁለተኛ ሥራዬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ተሸክሜ ስገባ «ቀስ!» አሉኝ። እንደ ልማዴ ላጉረመርም ቆም ስል፣ የተደረደረው ሲሚንቶ ፊት ለፊቴ ተናደ። አለቃችን እየሮጠ መጣና «ስንት ከረጢት ፈነዳ?» አለ።

«ልጁ ደህና ነው» አሉት ጋሽ ደምሴ።

መጋዘኑ ሄልሜት ሰጥቶን አያውቅም። ያለን መከላከያ የእሳቸው ጉሮሮ ነው፤ የምንከፍልለትም እኛው ነን። ዕድሜ ይስጣቸው። ያን ዕለት ማታ ድርሻቸውን ይዤላቸው ስሮጥ ምን አሉኝ መሰላችሁ?

«ቀስ።»