በአራት ስንኝ የተተከለ ድንኳን

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ የቅኔው ሊቅ መሪጌታ ሠርክአዲስ በሐይቅ ከተማ ወንበር በዘረጉ በአርባ አንደኛው፣ የመጨረሻው ተማሪያቸው ትቷቸው ባጃጅ መንዳት በጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት በባተ በስድስተኛው ቀን የሆነው ይህ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅኔ ፍቱልኝ ብሎ ደጃቸውን የረገጠ አልነበረም፤ ይህም ሆዳቸውን ይበላቸው ነበር።

ወበይእቲ ዕለት ልብስ ሰፊዋ ሰሚሃ ስልኳን ይዛ መጣች። ጅዳ ስድስት ዓመት ስትሠራ በአንድ ወጥ ቤት ሳህን አብራት ያጠበች ማሪቪክ የምትባል የፊሊፒንስ ሴት፣ አራት ወር ድምጿን አጥፍታ ከርማ፣ የአገሯን ግጥም ከዐረብኛ ፍቺው ጋር ልካላት ነበርና። የግጥሙም ዓይነት ስሙ ታናጋ ነው፤ ስንኙ አራት፣ የየስንኙ ምት ሰባት፣ ቤት መምቻው አንድ። ሰሚሃ ምቱን ያኔ ሳህን እየመቱ ተምራው ነበርና ሳታጎድል ወደ አማርኛ መለሰችው፦

ገባሁ ትንሽ ቤቴ፣
አልተሠራም መስኮቴ፣
አልበራልኝ መብራቴ፣
አንቺም ነይልኝ እህቴ።

ሰሚሃ የፈለገችው ወዳጇ ደኅና መሆኗን ማወቅ ብቻ ነበር፤ ስልክ ብትደውል አይነሳማ።

ወእምዝ መሪጌታ ሠርክአዲስ፣ ምሥጢር የማያመልጣቸው፣ ሰም ልጠው ወርቅ የሚያወጡ፣ ካባቸውን ደርበው ፍቺውን በአዋጅ ተናገሩ፦ «መስኮት የሌላት ትንሽ ቤት መቃብር ናት። ያልበራው መብራትም የተለየች ነፍስ ነው።» የመንዙማው አዋቂ ሸህ ሀምዱም ይህን ሰምተው ከመስጊድ ደጅ መልስ አወጁ፦ «ቤቷ ኸልዋ፣ የብቻ መጸለያ ናት። ልጅቱ ከዱንያ ተለይታ ዱዓ ይዛለች።» ከዙህር እስከ ዐስርም ሳይበገሩ ተከራከሩ። ሰሚሃ ምናልባት ቤት ማለቷ ይሆናል ብትል፣ ሁለቱ ሊቃውንት በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው፣ ቤት ቤት ብቻ ከሆነ ለምን ይገጠማል ሲሉ በአንድ ቃል አወጁባት። በመጨረሻም ሸህ ሀምዱ አራተኛውን ስንኝ ደግመው ቢያዩት ወደ ኸልዋ ጓደኛ አይጠራምና ተረቱ። ሰሚሃም ወዳጇ መሞቷን አምና አለቀሰች፤ እሷም ከመቃብር እንደ ተጠራች ቆጥራ ፈራች።

ያን ጊዜ ቅሬው፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል የሐይቅን ሰው የሚቀብረው ማኅበር፣ ጡሩንባ አስነፋ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ። የሰሚሃ እህት በባሕር ማዶ አርፋለችና ውጣ። የቀረ ይቀጣል።» ዓሣ አስጋሪዎች መቅዘፊያቸውን እንደ ያዙ፣ የአርዲቦ ገበሬዎች በእግራቸው፣ የውጫሌ ነጋዴዎች በሚኒባስ፣ ባጃጅ ነጂዎች ጡሩንባቸውን ዝም አሰኝተው፣ ያን የከዳውንም ተማሪ ጨምሮ፣ ስሟን በቅጡ መጥራት ለማይችሉት ሴት ሊያለቅሱ መጡ። ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮም ተቀቀለ።

ወሶበ ተቀመጡ የሰሚሃ ስልክ ጮኸ፤ ማሪቪክም ከነፊቷ በስልኩ መስኮት ታየች። ከኋላዋ ያልተለሰነ ግድግዳ፣ በግድግዳውም መስኮት ያልገባለት ቀዳዳ ነበር። ከጅዳ ለቅቃ በመንደሯ ቤት ሠርታለች፤ መብራት ገና ስላልገባላት ስልኳን የምትሞላው ጎረቤት ሄዳ ነው፤ ሰሚሃንም ቤቴን እይልኝ ብላ ጠርታታለች። ድንኳኑን አይታ ማን እንደ ሞተ ጠየቀች። ሰሚሃ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነገረቻት። መሪጌታ ሠርክአዲስ ግን ምድር ብትውጣቸው በወደዱ፤ ሦስት ዓመት ጠብቀው ያገኟት አንዲት ጥያቄ አፈር ሆናባቸዋለችና ካባቸውን አውልቀው ሊሄዱ ተነሡ።

ማሪቪክ አልሳቀችም። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትገጥም ሰው ሁሉ ደስ ይላል ብሎ ያልፋት ነበር፤ ለአራት ስንኟ ግማሽ ቀን የተከራከረላትና ድንኳን የተከለላት ግን አልነበረም። ስለዚህም በዐረብኛ አወጀች፣ ሰሚሃም ተረጎመችው፦ «በግጥሜ መቃብር ያዩት እኒያ አባት ያስተምሩኝ።» ቅሬውም የተቀቀለ ንፍሮ አይመለስም ብሎ ለቅሶውን የቤት ምርቃት አደረገው፤ ሸህ ሀምዱ መረቁ፤ ሕዝቡ ሁሉ አሚን አለ።

ከዚያች ቀን ወዲህ በየቅዳሜው ከባሕር ማዶ አራት ስንኝ ይመጣል። መሪጌታ በየስንኙ መቃብር ያገኛሉ፤ ማሪቪክም ዶሮዬ ናት፣ ባልዲዬ ነው እያለች ትመልስላቸዋለች፤ እሳቸውም አያምኗትም። ክብር ለመሪጌታ ሠርክአዲስ፣ የቅኔ ዓምድ፣ የሐይቅ ብርሃን፣ በሕይወት ያለችውን ቀብረው ደቀ መዝሙር ላፈሩት። ወንበራቸውም ከዚያ ወዲህ ባዶ ሆኖ አያውቅም።