ባለቤቱ እረኛ ነው የተባለው ዜማ

የበደለኝ ሰው ሙህዬ ይባላል፤ የወልዲያ ዋሽንት ነፊ ነው። የእሱን ስም ከፊት ያስቀደምኩት እሱ የእኔን ስለዋጠው ነው። መቼም ባለቤቱ ያልታወቀ ነገር ሲገኝ ሰው ሁሉ ለእረኛ መስጠት ይወዳል። ዜማም ይሁን ግጥም፣ እረኛ ነው ያወጣው ይባላል። ያ ሁሉ እረኛ ዜማ ሲያወጣ ከብቱን ማን ጠበቀው?

ሙህዬ እኔ ዘንድ መርሳ ድረስ የመጣው ማንም የማያውቀው ዜማ ፍለጋ ነው። መድረክ ሊወጣ ነው፤ ነፊው ሁሉ ትዝታና አምባሰል ብቻ እየነፋ ሰዉን አሰለቸው አለኝ። የአገሩን ሽማግሌዎች ቢጠይቅ ያንኑ አምባሰል በየተራ አንጎራጎሩለት፤ እያንዳንዳቸውም የእኔ ይለያል ብለው ማሉ። ሲቸግራቸው ወደ እኔ ላኩት።

ልጅ ሆኜ እዚሁ መርሳ አጠገብ፣ ግራና ላይ የአባቴን ማሽላ ከወፍ ስጠብቅ፣ ማማው ላይ ሆኜ ዋሽንት እነፋ ነበር። እናቴ ሴት ልጅ ዋሽንት አትነፋም ብላ ሁለት ሰብራብኛለች፤ ሸምበቆ ግን መች ጠፍቶ! ያኔ ያወጣሁትን ዜማ በአፌ አዜምኩለት፤ እሱም በስልኩ ቀዳው። ሊነፋው ሲሞክር፣ «ቀስ በል፣ ወፎቹ ገና ሰማይ ላይ ናቸው! ይኸው ወረዱ፤ አሁን አባር!» እያልኩ እስኪገባው አለፋሁት። ለድካሜ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ የግራናዋ የዘሀራ ዜማ ነው ብለህ ንገርልኝ። «ወላሂ፣ እቴቴ» አለ።

የመድረኩ ዕለት አዲሱን ሻሼን አስሬ ወልዲያ ወጣሁ። ነፋው። አልዋሽም፣ እኔም እንደዚያ አሳምሬ አልነፋሁትም። ከዚያ ማይኩን ጨብጦ «ይህ ዜማ ከአንድ የግራና እረኛ አባት የተገኘ ነው» አይል መሰላችሁ! አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እንባውን እየጠረገ «አላህ ይዘንላቸው» አለኝ። አሚን አልኩ፤ ለራሴ የመጣ ዱዓ ልመልስ እንዴ?

ሲወርድ ጠብቄ ያዝኩት። «እቴቴ፣ ሴት ዋሽንት ነፋች ብል ማን ያምነኛል? ለዜማው ክብር ብዬ እኮ ነው» ይለኛል። ወንድ ካደረግከኝ አይቀር ምነው ሚስት ሳታመጣልኝ ቀረህ ብዬው ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ዋሽንት ይዤ ግራና ገበያ ሄድኩና በርበሬ ሻጮቹ ዘንድ ቁጭ አልኩ። የፊት ጥርስ የለኝ፣ መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ወጣ፤ ገበያተኛው ሳቀብኝ። ሁለተኛውም ነፋስ ነው። በሦስተኛው ዜማው መጣ። ጀርባዋን ሰጥታኝ በርበሬ የምትሰፍር አንዲት እኩያዬ፣ ዞር እንኳ ሳትል፣ «አንቺ ዘሀራ፣ እስከ ዛሬ አልተውሽም?» አለች።

«አልተውኩም» አልኳትና ከመጀመሪያው ጀመርኩት።