የጋሽ ደምሴ ቆርኪ

ትክክለኛነት የሚባለው ነገር ባለቤቱን ጠቅሞ አያውቅም። አታምኑኝም? እንግዲያው ስሙኝ...

በደርግ ጊዜ ነፋስ ስልክ የነበረው ቀበሌያችን የቼዝ ውድድር አዘጋጀ። ያሸነፈ ለከፍተኛው ቡድን ይመረጣል፤ የተመረጠ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ ስላለበት ከግዴታው የፖለቲካ ውይይት ክበብ ይቀራል። እኔ ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ላይ ቼዝን ብቻዬን የተማርኩት ለምን ይመስላችኋል?

ዕጣው ከጋሽ ደምሴ ጋር አገናኘኝ። ጋሽ ደምሴ መካኒክ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ዝርዝር አንደኛ። የኔን ስም ለማግኘት ግን ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

«አንተ፣ ምሳህን በልተሃል?» አሉኝ።

«በልቻለሁ ጋሼ።»

«ጥሩ። ኋላ በረሃብ እንዳታሳብብ።»

የነጩ ሁለት ግንቦች ስለጠፉ በምትካቸው ሁለት የለስላሳ ቆርኪ ተቀምጧል። ነጩ የኔ ነበር። እያንዳንዱን እርምጃ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ በአሥራ አራተኛው አንዱን ቆርኪዬን በሉት። በሃያኛው ንጉሤ መሸሻ እያጣ ሄደ። (ያኔ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ንጉሥ ለማዳን ሲለፉ መታየት የሚቻለው በቼዝ ብቻ ነበር።)

ይሄኔ የሻይ ክበቧ እትዬ አስካለ ለጋሽ ደምሴ ለስላሳ አምጥተው እዚያው ከፈቱላቸው። ተራው የኔ ስለነበር ጋሽ ደምሴ ዘወር ብለው ከተመልካቹ ጋር ይሳሳቃሉ። ቆርኪው ተስፈንጥሮ... ገበታው ላይ፣ ንጉሣቸው አጠገብ ባለው ባዶ ቤት ቁጭ።

ሲመለሱ ፊታቸው ተለወጠ። መነጽራቸውን ጠረጉ። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ብለው እንዳይጠይቁ አንደኛነታቸው ያዛቸው። የለስላሳው ጋዝ እስኪያልቅ አሰቡ፤ በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«በቃ፣ አሸንፈኸኛል። ግንቡን በየት በኩል አሳለፍከው?»

ቅዳሜዎቼ ሁሉ ፊቴ ላይ ተደረደሩ። እጄ ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ዓይኔ ደብተሬ ላይ አረፈ። እንዲህ ያለ እርምጃ አልተጻፈም።

«ጋሼ... እሱ የለስላሳዎ ክዳን ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ደምሴ ከሁሉም በላይ ሳቁ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ከዚያም በሁለት እርምጃ ጨረሱኝ።

ቅዳሜ ውይይት ክበብ ስገባ ሊቀመንበሩ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ።

«ጓድ፣ ጋሽ ደምሴ አጫወቱኝ። አንዲት ቆርኪ እንኳ የማታመልጠው ቃለ ጉባኤ ያዥ ስንፈልግ ነው የከረምነው።»

ሌላው ተሰብሳቢ ቢያንስ ያንቀላፋል። እኔ ግን ማን በስንት ሰዓት እንዳንቀላፋ ስጽፍ ሦስት ዓመት ኖርኩ።