የስርጉት ሠርግ፣ በዳይሬክተር ኪዳነወልድ

ሠርግ የሙሽሮች ነው የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ሠርግ ተጠርቶ አያውቅም፣ ወይ ተጠርቶ በጓሮ በኩል ገብቶ በልቶ የወጣ ነው። ሠርግ የቪዲዮ አንሺው ነው። ሙሽራው ሙሽሪትን የሚስመው እሱ «ሳም» ሲለው ነው። እናት የምታለቅሰው እሱ መብራቱን አስተካክሎ ሲጨርስ ነው። ሽማግሌም የሚመርቀው እሱ ገመዱን ተሻግሮ ቦታውን ሲይዝ ነው። ሙሽሮቹማ ለዚያ ቀን የተጠሩ ተዋንያን ናቸው፤ ያውም ያልሠለጠኑ።

ከአሶሳ እስከ ባምባሲ ባለው መንገድ የዚህ ዝርያ አውራ ክቡር ዳይሬክተር ኪዳነወልድ ነው። «ቪዲዮ አንሺው» ብሎ የጠራው ሰው መልስ አያገኝም። ከላዩ የማትወርድ፣ ኪሷ የበዛ ሰደርያ አለችው፤ ኪሶቿ ውስጥ ምን እንዳለ ያየ የለም። አነጋገሩም እንደ ሰው አይደለም። ሕዝብ ሲሰበሰብ «ዋይድ» ይላል፤ አንድ ሰው ለብቻው ሲተክዝ ካየ «ክሎዝ አፕ» ይላል። ሚስቱ ሐኒ ስትቆጣው «ከት» ይላታል፤ ሐኒ ግን አንድም ቀን ቆርጣለት አታውቅም። የዕድሩ ሊቀመንበር ንግግር ሲያስረዝሙ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄኛው በኤዲቲንግ ይወጣል፤ ወደሚቀጥለው ይለፉ» ብሏቸዋል። ታላቁን ግድብ ሊያነሳ ጉባ ድረስ ሄዶ፣ «ሌንሴ ውስጥ አልገባም አለኝ፤ ትንሽ ወደ ኋላ ቢደረግ» ብሎ አንዱን መሐንዲስ ለመነ ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ፤ እሱ ግን ሲጠየቅ አይክድም።

ሥራውን የጀመረው በካሴት ዘመን ነው። ሁለት ዴክ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በአንዱ እያጫወተ በሌላው እየቀዳ፣ ሁለቱን ቁልፍ በሁለት ጣት እኩል እየተጫነ ነበር ሠርግ የሚቆርጠውና የሚቀጥለው። ጣቱ ከቀደመች የአማት ጭንቅላት ይጎድላል፤ ከዘገየች ሙሽራው ሁለቴ ይቀመጣል። ባዶ ካሴት ሲያጥረው ባገለገለ ላይ ይቀዳ ስለነበር፣ ባምባሲ ላይ በአንድ ሠርግ ኬኩ እንደተቆረሰ ሰዉ በጭብጨባ ሲነሳ ግብ ገባ። የየትኛው ቡድን ግብ እንደሆነ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይከራከራል። ካሴት ካለፈ ቆየ፤ ኪዳነወልድ ግን ጥፍር የምታክለውን ሚሞሪ ካርድ አሁንም «ቴፕ» ነው የሚላት። «ቴፕ እስክቀይር» ብሎ ሠርገኛውን እንዳለ ፀሐይ ላይ ያቆማል።

አምባው ለልጁ ለስርጉት ሠርግ የተዋዋለው ከዚህ ሰው ጋር ነው።

አምባው በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ነው። ልጅ ሆኖ መጣ፤ እዚሁ አደገ፣ እዚሁ ታየችን አገባ፣ እዚሁ አርሶ ነግዶ ወፈረ። ታላቅ ወንድሙ ውድነህ ግን እዚያው ወሎ ቀረ። ያን ዘመን ያየ ሰው አይረሳም፤ ውድነህም አልረሳም። በደወለ ቁጥር፣ ገና ከሰላምታው በፊት፣ «አምባው፣ ትበላላችሁ ወይ?» ይላል።

«ጠግበናል አያ ውድነህ።»

«አይ፣ አንተ እኮ ድሮም ተርበህ ጠገብኩ የምትል ልጅ ነህ» ብሎ በትካዜ ይዘጋል።

በሬ ገዛሁ ቢለው፣ ቤቱን ቆርቆሮ አለበስኩት ቢለው፣ ስርጉት ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች ቢለው መልሱ ያው ነው። ጉልበቱ ስለማያስሄደው ለሠርጉም አልመጣም። ስለዚህ አምባው ኪዳነወልድን ጠርቶ ቁርጡን ነገረው።

«የምታነሳው ለሙሽሮቹ ብለህ አይደለም። ወሎ ያለ አንድ ሰው አይቶ ነፍሱ እንድታርፍ ነው። ገባህ?»

«ተመልካቹን ለእኔ ተዉት፣ ጋሽ አምባው» አለ ዳይሬክተሩ።

እውነትም ተዉት ያለውን ያህል ለፋ። ከቀርከሃው ዳስ ፊት አጃቢ ባጃጆች ተሰልፈው ሲያልፉ ቁጥራቸው አነሰበትና፣ «ከፊት ያለፋችሁ በጓሮ ዞራችሁ ከኋላ ተሰለፉ» አለ። ባጃጆቹ ዞሩ፤ ሰልፉ ማለቂያ አጣ። ታየች ልጇን አቅፋ ስታለቅስ፣ «እናቴ፣ እንባው በግራ በኩል ይሁን፤ መብራቱ እዚያ ነው» አላት። አባ ጎሹ የሚባሉት ሽማግሌ መርቀው ሲጨርሱ፣ «አባቴ፣ እንደገና፤ አሜን የሚለው ሰው ሌንስ እያየ ነው» አላቸው። አባ ጎሹ መረቁ። ደግሞ «እንደገና» አለ።

«ልጄ» አሉት፣ «ሦስተኛው ርግማን ነው የሚሆነው።»

እሱ «አክሽን» ሲል ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል፤ «ከት» ሲል ዳሱ በሙሉ እፎይ ይላል። ጫማ ይወልቃል፣ ቀበቶ ይላላል፣ ሐሜቱ ካቆመበት ይቀጥላል።

እዚህ ላይ የዳይሬክተሩን አንድ የሙያ ምስጢር ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው የካሜራዋን ቀይ መብራት ሲያይ እንደ መታወቂያ ፎቶ ይደርቃል። ኪዳነወልድ ስለዚህ መብራቷን በጥቁር ፕላስተር ይሸፍናታል። በድሮው ካሜራ ችግር አልነበረውም፤ ካሴቱ ሲዞር ጆሮው ሥር ይንሾካሾክለት ነበር። አዲሱ ካሜራ ግን ድምፅ የለውም። መቅረጹን የምትናገረው ቀይ ፊደል ከካሜራው ማያ መስኮት ጥግ አለች፤ እሷን ለማየት መነጽር ያስፈልጋል፤ ኪዳነወልድ ደግሞ ሙሽራ ፊት መነጽር አድርጎ መታየትን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል። በዚያ ቀን፣ ገና ሙሽራው ሲገባ፣ በጥድፊያ የመቅረጫ ቁልፏን ሁለቴ ተጫናት፤ በአንዱ አስጀመረ፣ በሁለተኛው አቆመ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። «አክሽን» ሲል ካሜራው ይተኛል፤ «ከት» ሲል ይነቃል። ሠርጉም እንደዚያው አለቀ።

በማግስቱ ሰራዊት የሚባል ጎረቤት ወደ ደሴ የሚሄድ ሆነና አምባው ፊልሙን ለመላክ ቸኮለ።

«ራሽ ነው እኮ፣ ጋሽ አምባው» አለ ኪዳነወልድ ደንግጦ። «ያልተቆረጠ፣ ያልተቀጠለ፣ ጥሬ። ያልበሰለ ሽሮ ለእንግዳ ይቀርባል?»

«ወንድሜ የጠየቀኝ ሠርጉን ነው፤ ያንተን ኤዲቲንግ መች ጠየቀ?»

ካርዷ ሳትታይ ወደ ፍላሽ ተገለበጠች። ፍላሹን ሰራዊት ኪሱ ከተተ፤ አውቶቡሱም ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አምባውና ታየች፣ ጎረቤታቸውን ኢቲዳልን አስከትለው፣ ሊያዩት ኪዳነወልድ ሱቅ ገቡ። ኢቲዳል የበርታ ሴት ናት፤ ገበያ ላይ ትነግዳለች፤ ከሠርጉ ወጥ እኩሌታውን የሠራችው እሷ ናት። ፊልሙ ተከፈተ። መጀመሪያ ሣር መጣ። ቀጥሎ የራሱ የኪዳነወልድ ጉልበት። ከዚያ ሙሽሪት ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታናፍስ። አባ ጎሹ ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉና ጠፉ፤ ተመልሰው ሲመጡ «ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?» እያሉ ነው። ቀለበት የለም፤ ኬክ የለም፤ ከዚያ ሁሉ ባጃጅ አንድ ጎማ።

«ወላሂ» አለች ኢቲዳል፣ «ይሄ ሠርግ እግር ብቻ ነው።»

ከዚያ ከዳሱ ጀርባ ያለው ጓሮ መጣ። አምባው ራሱ ነው። ሱሪውን ጠቅልሎ፣ በባዶ እግሩ፣ ትሪ ጭኑ ላይ አድርጎ በሴቶች ተከቧል። ያወለቀውን ጫማ እንደ ስልክ ጆሮው ላይ ለጠፈና የወንድሙን ድምፅ አወጣ። «አምባው፣ ትበላላችሁ ወይ? አትዋሸኝ፤ ድምፅህ ከስቷል።» ሴቶቹ ተንከተከቱ። «ያ አምባው፣ በቃ፣ ሆዴ ተቀደደ» ትላለች የፊልሟ ኢቲዳል። የሱቋ ኢቲዳል ግን አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

አምባው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «ይሄ… ይሄም ወሎ ሄዷል?»

ለሁሉ ነገር ስም ያለው ኪዳነወልድ ለዚህ ስም አጣለት። «ሄዷል» አለ።

«ታላቅህን» አለች ታየች ቀስ ብላ፣ «በጫማ አናገርከው።»

ዳይሬክተሩ መላ አመጣ። ዳሱ ገና አልፈረሰም፤ ልብሱ አልተመለሰም፤ ሙሽሮቹን ጠርቶ ሠርጉን እንደገና መሥራት ይቻላል። ታየች «ልጄን ዳግመኛ ልዳራት ነው?» ብላ አየችው፤ መላውን ተወው።

አምባው ለሰራዊት ደወለ፤ አይሠራም። ለወንድሙ ሊደውል ያነሳውን ስልክ መልሶ አስቀመጠው፤ ምን ብሎ ይጀምራል? ይስቁብኛል ብሎ በሰፈሩ ሻይ ቤት በኩል ማለፍ አስጠላው። ኪዳነወልድም የአምባውን ሰፈር ለመሸሽ ዙሪያውን መሄድ ጀመረ። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙና ሁለቱም ሽንኩርት መምረጥ ያዙ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የአምባው ስልክ ጮኸ። ውድነህ ነው።

«አምባው።»

«አቤት፣ አያ ውድነህ።»

«የኔ ድምፅ እንዲያ ነው?»

«ይቅር በለኝ፣ አያ፤ ጨዋታ ነው፤ ሰው ሰብስቦኝ…»

«ልጆቹ ሲስቁብኝ ዋሉ። አስወጣኋቸውና ለብቻዬ አየሁት። ከኋላህ ማንጎ ወደቀ። አይተኸዋል?»

አምባው አላየም። እሱ ያየው ጫማውን ብቻ ነበር።

«ትልቅ ማንጎ ነው፣ የበሰለ። ከዛፉ ዱብ አለ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አንድም ሰው ጎንበስ አላለም። ሕፃን እንኳ ተራምዶት አለፈ። ከልጆቹ አንዷን ጠርቼ ፊልሙን መልሺው አልኳት፤ ደግሞ መልሺው አልኳት። ያው ነው፤ ማንም አያነሳውም። እኔና አንተ የወደቀ ነገር አልፈን የሄድንበት ቀን ነበር?»

«አልነበረም፣ አያ።»

«እንግዲያ ጠግባችኋል» አለ ውድነህ። ወዲያው ድምፁን በቁጣ ከፍ አደረገ። «ደግሞ ያን ጫማ ከጆሮህ አውርድ። ስልክ መግዛት ካቃተህ ንገረኝ፤ እልክልሃለሁ።»

አምባው ስልኩን እንደያዘ ከቤት ወጥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ኪዳነወልድ ሱቅ ሄደ። ዳይሬክተሩ በመስኮት ሲያየው ወደ ጓሮው በር አማተረ፤ ሲረፍድበት ከካሜራው መቆሚያ ጀርባ ቆመ፤ መቆሚያው ደግሞ ሦስት ቀጫጭን እግር እንጂ ሌላ የለውም። አምባው ግን አልተቆጣም። ወንድሙ ያለውን፣ ማንጎውንም፣ ሕፃኑንም አንድ በአንድ ነገረው።

ኪዳነወልድ ሁሉንም ሰምቶ ጨረሰ። ከዚያ ወገቡ ቀና፣ ሰደርያው ሞላ፣ የጥንቱ ሰው ተመለሰ።

«ያቺ ማንጎ እኮ» አለ፣ «ኢንሰርት ናት፣ በመሃል የምትሰካ። አስቤባት ነው የያዝኳት። መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ማንጎ፣ ከዚያ ተመልሰህ ሰው። ተራ ቪዲዮ አንሺ ቢሆን አያያትም፣ ጋሽ አምባው።»

አምባው ፊልሙን አይቷል። በዚያች ሰዓት ካሜራው ከዳይሬክተሩ ዳሌ ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ዳይሬክተሩም ዛፉን በጀርባው አድርጎ ጥብስ ላይ ነበር፤ ሲያኝክ እንኳ ይሰማል።

«ይታያል እንጂ» አለ አምባው። «የባለሙያ እጅ የት ይደበቃል።»

ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። «እስቲ እንዴት እንዳሰብክባት ከመጀመሪያው ንገረኝ።»