መሪጌታ በመነጽር ያዩት የከዋክብት ጥምጥም

በጣልያን ጊዜ አስተርጓሚ ነበርኩ ስላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩብኝ። ጣልያንኛውን የለቀምኩት ደጀን ላይ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ነው፤ ስድቡን አጥርቼ፣ የቀረውን በግምት። በዚህችው እውቀት ደብረ ማርቆስ ላይ የአንድ ጣልያን መቶ አለቃ አፍ ሆንኩ።

መቶ አለቃው ሰማይ ወዳድ ነበር። ግቢው ውስጥ ባለ ሦስት እግር የሩቅ ማያ መነጽር ነበረው። ኅዳር ላይ ሰማዩ ሲጠራ፣ ራት ሳይቀርብ እዚያ ላይ ይለጠፋል።

አንድ ምሽት ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ ጥሩነህ መጡ። ልጃቸው አያሌው ለአርበኞች ስንቅ ያቀብላል ተብሎ ታስሯል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል አይደል? ሊለምኑለት ነው። መቶ አለቃው ግን መጀመሪያ በመነጽሩ እንዲያዩ ጋበዛቸውና ምን እንደሚታያቸው አስጠየቀኝ።

"ጉም" አሉ።

የኔታን የዓይን ሞራ ከጋረዳቸው ቆይቷል፤ ደጃቸው ያለው ዋርካም ጉም ነው። እና ማን ጠየቀኝ? አስተርጓሚ የተባለውን እንጂ የሚያውቀውን አይተረጉምም።

ሰውየው ደስ አለው። ልክ ነው፣ አንድሮሜዳ ይባላል፤ ጉም የመሰለው ስፍር ቁጥር የሌለው ኮከብ ነው፣ ርቀቱ ነው ያደበዘዘው፤ እየተጠማዘዘ ይዞራል፣ ከጎን ስለምናየው ሞላላ መሰለ አለ። መጠማዘዙን በምን ልግለጸው? የየኔታን ራስ አየሁና "እንደ ጥምጥም ነው ይላል" አልኳቸው። ቀጠለ፦ ብርሃኑ ከዚያ የተነሳው ሰው ሳይፈጠር ነው፤ ዛሬ እዚያ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ዘመንን ከአዳም ጀምሮ ለሚቆጥር ሊቅ ይሄን ማን ደፍሮ ይነግራል? "ብርሃኑ የተነሳው በጣም ድሮ ነው፤ ዛሬ እዚያ ያለውን የሚያውቅ የለም ይላል" ብዬ አሳጠርኩት።

መሪጌታ ከመነጽሩ ቀና አሉ። "እንግዲያ ልጄን ያስያዘው ወሬም አምና የተነሳ ነው በለው። ያን ያህል ሩቅ ማየት የሚችል ሰው፣ ደጁ ያሰረውን ቀርቦ ይጠይቀው።"

ይቺን ሳልቀንስ ተረጎምኳት። መቶ አለቃው በማግስቱ አያሌውን አስጠርቶ ራሱ መረመረው፤ ከሰዓት በኋላ ፈታው።

ሦስታችን ወደ ቤት ስንሄድ መሪጌታ ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ። የእኔን ጆሮ አልፈሩም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያኮራኛል።

"ለመሆኑ ስንቁን ስንት ጊዜ አደረስክ?"

"ኧረ አባባ፣ አንድም ቀን። ፈርቼ ቀረሁ።"

የኔታ መንገድ ላይ ቆሙ። "እኔ እኮ አርበኛ የወለድኩ መስሎኝ ነው ያን ሁሉ የተናገርኩት" አሉ።

ንጹሕ ሆኖ መገኘቱን ይቅር ያሉት ከሁለት ሳምንት ኩርፊያ በኋላ ነው።