ጋሽ ሽመክትና የሚራመደው አጥራቸው

አጥር የቆመ ነገር ነው ያለ ሰው ጎረቤት ኖሮት አያውቅም። አጥር ይሄዳል። ሰበታ ሂዱ፣ ሱሉልታ ሂዱ፣ እኛው ጋ ቡራዩ ኑ፤ በየሰፈሩ አጥሩ የሚሄድለት አንድ ሰው አለ። የሌላው ሰው አጥር በዝናብ ሲያጋድል፣ በምስጥ ሲበላ፣ የዚህ ሰው አጥር በያመቱ ጤናው እየተመለሰ፣ ደረቱን እየነፋ፣ ወደ መንገዱ ብቅ ይላል። መጀመሪያ እንደ ሕፃን ዳዴ ይላል። ከዚያ ይቆማል። እናንተ ለቅሶ ደርሳችሁ ስትመለሱ ደግሞ በራችሁ ላይ ደርሶ ይጠብቃችኋል።

የእኛ ሰፈር ባለ አጥር ክቡር ጋሽ ሽመክት ናቸው፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረተኛ፣ የዕድራችን የድንኳን ኃላፊ፣ የመንገዳችን ቀስ በቀስ ወራሽ። ነገሩ ተፈጥሯቸው ነው። ሚኒባስ ውስጥ እንኳ መጀመሪያ የወንበሩ ጠርዝ ላይ እንደ እንግዳ ቁጢጥ ይላሉ፤ አስኮ ስንደርስ አጠገባቸው ያለው ሰው ጉንጩ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል።

ደግሞ እንደ ሌላው ወሰን ገፊ በድንጋይና በዱላ አልመጡብንም። እሳቸው የመጡት በችግኝ ነው። ክረምት ገብቶ ማዘጋጃ ቤቱ ችግኝ በነጻ ሲያድል፣ ከሁሉ ቀድመው የሚሰለፉት ጋሽ ሽመክት ናቸው። ቦቲያቸውን አድርገው፣ ከአጥራቸው ውጭ፣ የሁላችንም በሆነው መንገድ ላይ አንድ ረድፍ ግራቪሊያ ይተክላሉ። "ለአገር ነው" ይላሉ። አገርን ማን ይቃወማል? ጥቅምት ላይ በችግኞቹ ዙሪያ እሾህ ይከመራል።

"ጋሼ፣ እሾሁ ምንድን ነው?"

"ፍየል እንዳይበላው ብዬ ነው!"

ጥር ላይ እሾሁ ቆርቆሮ ይሆናል። እሱም ለፍየል ነው። ፋሲካ ሲደርስ የድሮው አጥር ይነሣና ችግኞቹ ግቢ ውስጥ ገብተው ቁጭ ይላሉ። ከገቡ ወዲያ ግን ውሃ የሚያጠጣቸው የለም፤ ሥራቸውን ጨርሰዋል፣ ይደርቃሉ። በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ረድፍ፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ፍየል። በሰፈራችን ደግሞ፣ ልንገራችሁ፣ ፍየል ያለው አንድም ሰው የለም።

ሽማግሌ ልከንባቸው ነበር። ሽማግሌዎቹን አዲስ በተያዘችው መሬት ላይ አግዳሚ ወንበር ዘርግተው አስቀመጧቸው፣ ጠላ አጠጧቸው፣ እነሱም መረቋቸው። በማግሥቱ ጋሽ ሽመክትን ስንጠይቃቸው ምን ቢሉን ጥሩ ነው? "ሽማግሌ የተቀመጠበትን ቦታ ልታፈርሱ ነው? ነውር አይደለም?"

በዚህ ጉድ ከሁላችን በላይ የሚንገበገቡት ፊት ለፊታቸው የሚኖሩት ኦቦ ዳዲ ናቸው። ኦቦ ዳዲ እዚያው ተወልደው ያረጁ ገበሬ ናቸው። የድንጋይ ካባቸው አባታቸው እንዳቆመው አለ፤ አንድ ጣት አልተነቃነቀም። የጭድ ጋሪያቸው ግን በያመቱ በሚጠበው መንገድ ሲያልፍ አህያዋ ጆሮዋን ማጠፍ ለምዳለች። አንድ ዓመት ጋሪው መሀል ላይ ተቀረቀረ። ኦቦ ዳዲ ጅራፋቸውን ወረወሩ።

"ማሎ ኦቦ ሽመክት! እነዚህን ችግኞችህን ነገ ከነሥራቸው ነቅዬ አህያዬን ነው የማበላት!"

ጋሽ ሽመክት ያን ዕለት የሠሩት ሥራ፣ በዕድሜያቸው ከሠሩት ሁሉ ብልህ መሰላቸው። ኮታቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው ማዘጋጃ ቤት ሄዱና "የሕዝብ ዛፍ ሊነቀል ነው፣ መዝግቡልኝ!" ብለው አቤት አሉ። ማዘጋጃ ቤታችን አቤቱታ ሰምቶ በማግሥቱ ሲመጣ ያየነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሩቲ የምትባል የአረንጓዴ ልማት ባለሙያ መጣችና በየችግኙ ሥር ቁጥር ያለባት ቆርቆሮ አቆመች። ጋሽ ሽመክት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሰልፍ እንደሚቀበል ጄኔራል ቆመዋል። ሩቲ ደንቡን ማስረዳት ጀመረች።

"ከዛሬ ጀምሮ የሕዝብ ዛፎች ናቸው። ያለ ፈቃድ መቁረጥ የለም፣ መንቀል የለም፣ ቅርንጫፍ መስበር የለም።"

"ሰማህ ዳዲ?" አሉ ጋሽ ሽመክት።

"አጥሮ ወደ ግቢ ማስገባትም የለም። ደግሞ ዛፉ ደጃፉ ላይ ያለ ሰው ውሃ የማጠጣት ግዴታ አለበት።"

"ልክ ነው! ግዴታ... ማን?"

"እርስዎ፣ ጋሼ።"

ኦቦ ዳዲ ካባቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ፍየሏ ተገኘች! ለካ አንተ ኖረሃል!"

አጥሩ በዚያው ቆመ። ጋሽ ሽመክትም፣ ያቺ ልጅ ድንገት ትመጣብኛለች እያሉ፣ ግራቪሊያዎቹን እየተራገሙ ማጠጣት ያዙ። እየተረገመ እንደሚጠጣ ዛፍ የሚያድግ ነገር አላየሁም። ግንዱ ወፈረ፣ ጫፉ ከጣሪያ በላይ ሆነ። በዛፎቹና በኦቦ ዳዲ ካብ መካከል የቀረችው መተላለፊያ አንድ ሰው ከነጃንጥላው አታሳልፍም። በዛፎቹና በጋሽ ሽመክት ቆርቆሮ መካከልማ ድመትም ትጨነቃለች።

ከዚያ የጋሽ ሽመክት ኩላሊት ሥራ አቆመ።

በሳምንት ሁለት ቀን አዲስ አበባ ወርደው ደማቸው መታጠብ አለበት። እግራቸው አብጧል፣ መቆም አይችሉም። መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ የመንገዳችን አፍ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲህ ባጃጅ እንኳ አይገባም። የዕድሩን ቃሬዛ ይዘን ብንሄድ ተቆጡ። "እሱ የሚመጣበት ቀን አለው! ዛሬ መልሱት!" ስለዚህ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና አሰርንና እንደ ንጉሥ ተሸክመን አወጣናቸው። መንገዱ ጎን ለጎን ስለማያስኬድ ተሸካሚው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ከኋላ እኔ ነኝ። ከፊት ኦቦ ዳዲ።

ማንም አልጠራቸውም። በመጀመሪያው ቀን ካባቸው ላይ ሆነው ሲያዩን ነበር፤ ከፊት የያዘው ሰው ሲንገዳገድ ወርደው መጡና "ዞር በል፣ አንተ ሰው መሸከም አታውቅም" ብለው አጣናውን ተቀበሉት። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የእሳቸው ሥራ ሆነ። ጋሽ ሽመክትስ፣ አመሰገኑ? ከወንበሩ ላይ ሆነው የኦቦ ዳዲን ካብ ቁልቁል ይመረምራሉ።

"ዳዲ፣ ይሄ ካብህ ወደ መንገድ አላጋደለም?"

"ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ እጥልሃለሁ!"

"አይ፣ ከላይ ሲታይ ነው። ሕገ ወጥ ነገር አልወድማ።"

የጋሽ ሽመክት ባለቤት ኤቢሴ ግን መሳቅ ካቆመች ቆይታለች። መኪና በር ድረስ እንዲገባ ዛፎቹ ይቆረጡልኝ ብላ ማዘጋጃ ቤት ተመላለሰች። ሩቲ ራሷ መጣች፤ ግንዶቹን እየዞረች ነካክታ አየች።

"እትዬ፣ ደንቡ የሚፈቅደው ዛፉ ከታመመ ወይም ሊወድቅ ከሆነ ነው። እነዚህ ጤነኞች ናቸው።"

"ዛፉማ ጤነኛ ነው፣ ልጄ። የታመመው ባሌ ነው።"

ሩቲ አንገቷን ደፋች። ክፉ ልጅ አይደለችም። "ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ። ግን እነሱም ይሄንኑ ነው የሚሉኝ" አለች። ከዚያ ዓይኗ የአጥሩ ቆርቆሮ ላይ አረፈ። "መንገዱ ድሮ የት ድረስ ነበር? አጥሩ ወደ ቦታው ቢመለስ እኮ፣ ዛፎቹ ሳይነኩ በወዲህ በኩል መኪና ይገባል።"

ሁላችንም ወደ ጋሽ ሽመክት መስኮት ነው ያየነው። በመስኮቱ ሰምተዋል።

"አጥሬን? በመቃብሬ ላይ!"

በሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር።

"ሽሜ፣ ለጥቂት ክንድ መሬት ብለህ..." ብላ ጀመረች ኤቢሴ።

"ጥቂት ክንድ? ዕድሜ ልኬን የለፋሁበትን ነው ጥቂት የምትይው?"

ነሐሴ መጣና ዝናቡ መንገዱን ሳሙና አደረገው። አንድ ጠዋት ወንበሩን እንደያዝን ኦቦ ዳዲን አንሸራተታቸው። አጣናውን ቢለቁት ራሳቸውን ያተርፉ ነበር። አልለቀቁም። እንደያዙት በጎናቸው ካቡ ላይ ወደቁ፤ ትከሻቸው ሲወልቅ ከኋላ ሆኜ ሰማሁት። ጋሽ ሽመክት ጭቃው ውስጥ ተንጋለዋል፣ አይጮኹም፣ ዝናቡ ፊታቸው ላይ ይወርዳል። ሰው ሊረዳን ሮጦ መጣ፤ መንገዱ ጠባብ ነውና አንዱን ሳያነሡ ወደ ሌላው ማለፍ አይቻልም። እዚያው ቆመው ያዩናል። መኪናው ጠብቆ ጠብቆ ሄደ። ያን ቀን ሕክምናው አመለጣቸው። ኦቦ ዳዲ ወጌሻ ቤት ሲጮኹ፣ ጋሽ ሽመክት አልጋቸው ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ግድግዳውን ይቧጥጣሉ።

በማግሥቱ ሌላ መኪና ተገኘና ወንበሩን ደጅ አወጣነው። አጣናውን ልናነሣ ስንል "ቆይ" አሉ ጋሽ ሽመክት። "ኤቢሴ፣ ጉጠቱን አምጪ።"

ጉጠቱ መጣ። ወደ ቆርቆሮው አስጠጉኝ አሉ፣ አስጠጋናቸው። ባበጡት ጣቶቻቸው የመጀመሪያውን ምስማር ያዙ። ልርዳዎት ብል በክርናቸው ገፉኝ። ያቺ አንዲት ምስማር እስክትወጣ ሁላችንም አረጀን። ስትወጣ አገላብጠው አዩዋት፤ የዛገች፣ የተጣመመች ነገር ናት። ኪሳቸው ከተቷትና ጉጠቱን ለእኔ ሰጡኝ።

ኦቦ ዳዲ ክንዳቸውን በነጠላ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል።

"ለደንቡ ብዬ እንዳይመስልህ" አሏቸው ጋሽ ሽመክት፣ ዞር ብለው ሳያዩዋቸው። "ለትከሻህ ነው።"

እሳቸው ከሕክምና ሲመለሱ ቆርቆሮው ወርዶ ጠበቃቸው። የድሮውን ወሰን የሚያውቁት ኦቦ ዳዲ ናቸውና የመጀመሪያው ችካል የሚቆምበትን ቦታ በእግራቸው አሳዩ።

"ትንሽ ወጣ ይበል" አሉ ጋሽ ሽመክት።

"ምን?"

"ወጣ ይበል እንጂ። እዚያ አልነበረም።"

እዚያ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። ኦቦ ዳዲ ያን ያበጠ ፊት ቆመው አዩት፣ አዩት። ከዚያ በጫማቸው ጫፍ ችካሉን ግማሽ ክንድ ያህል ወደ መንገዱ ገፋ አደረጉት።

"እዚህ?"

"እ። እዚህ ነበር።"

እንግዲህ ያ አጥር ከተፈጠረ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ሄደ። መኪናም በግራቪሊያዎቹ ሥር አልፎ በር ድረስ መግባት ጀመረ። ግን ነገሩ ዘግይቷል። መስከረም ላይ ሐኪሙ ኤቢሴን ለብቻዋ ጠርቶ ነገራት፤ እሷም ለእኛ ሳትነግረን ፊቷ ነገረን።

በዚያው ሰሞን ሩቲ ሜትር ይዛ መጣች። መንገዱ በሙሉ መለቀቁን አይታ ማረጋገጥ አለባት፤ ካልተለቀቀ አጥሩ እንደገና ይፈርሳል፣ ክስም አለ። ኤቢሴ በሩ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጥለት ታፍተለትላለች። ባሏን አስታምማ፣ ደግሞ ፍርድ ቤት ልትመላለስ ነው።

"እዚህ ሰፈር ካርታ የለም" አለች ሩቲ። "የጎረቤት ምስክርነት ነው የምይዘው። ኦቦ ዳዲ፣ ወሰኑ ድሮም እዚህ ነበር?"

ይህ ሰው እኮ ለዚያች ግማሽ ክንድ ስንት ዓመት ተጣልቷል። ክንዱ እስካሁን ከደረቱ በላይ አይነሣም። ኦቦ ዳዲ ደኅናውን እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ።

"የአባቴ አጥንት ይውጋኝ፣ ወሰኑ እዚሁ ነበር።"

ሩቲ ወደ እኔ ዞረች። እዚሁ ነበር አልኩ። ከኋላዬ ያሉትም እዚሁ ነው፣ ድሮም እዚሁ ነው አሉ። ሜትሯን ጠቅልላ ልትሄድ ስትል ከመስኮቱ ድምፅ መጣ፤ የሻከረ፣ ግን ለሁሉም የሚሰማ።

"ዋሽተሃል ዳዲ! ከዚህም ወጣ ይል ነበር!"

ኦቦ ዳዲ ግንባራቸውን መቱ። "ማሎ ሽመክት! በአባቴ አጥንት ምዬልህም አትጠግብም?"

ሩቲ ምንም እንዳልሰማ ሰው ፊቷን ወደ ዛፎቹ አዞረች፤ ጀርባዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ሁላችንም ሳቅን። ኤቢሴ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መስኮቱን ታያለች፤ ድምፃቸው ያን ያህል ከወጣ ሰንብቷል። እኔማ፣ ምን ልበላችሁ፣ በዚያች ሰዓት ከእኔም ግቢ ትንሽ ይቆረስልኝ ቢሉ፣ ችካሉን ራሴ ነበርኩ የምተክልላቸው።